የምርጫ ቅስቀሳ የስልክ ጥሪና አጭር መልዕክት ሕግ (አሜሪካ)

በአሜሪካ የምርጫ ቅስቀሳ የስልክ ጥሪና አጭር መልዕክት ሕግ ዕጩዎች፣ ፓርቲዎችና ደጋፊዎቻቸው ወደ መራጮች ሲደውሉ ወይም የጽሑፍ መልዕክት ሲልኩ ሊያከብሯቸው የሚገቡ ደንቦች ስብስብ ነው። ዋናው ምንጩ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የስልክ ተጠቃሚዎች ጥበቃ ሕግ ሲሆን ዝርዝር ደንቦቹን የሚያወጣው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ነው። ሕጉ በአብዛኛው የሚያየው የመልዕክቱን ይዘት ሳይሆን የተላከበትን መንገድ ነው፤ ይኸውም የደወለው ሰው ነው ወይስ ማሽን፣ የተደወለውስ ወደ ሞባይል ነው ወይስ ወደ መደበኛ ስልክ የሚለውን።

አመጣጥ

ሕጉን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 1991 የፈረሙት ፕሬዝዳንት ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ ናቸው። የታሰበው በወቅቱ ሕዝቡን ያማረሩትን የማሽን ጥሪዎች ለመግታት ነበር። የጽሑፍ መልዕክት ገና ስላልተለመደ ሕጉ ስሙን አያነሳም፤ ኮሚሽኑ ግን እ.ኤ.አ. በ2003 መልዕክትም እንደ ጥሪ እንደሚቆጠር ወሰነ።

በዚያው ዓመት «አትደውሉልኝ» የተባለው ብሔራዊ መዝገብ ተከፈተ። መዝገቡ የሚከለክለው የንግድ ጥሪዎችን ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ያስመዘገበ ሰውም የምርጫ ቅስቀሳ ሊደርሰው ይችላል።

ዋና ዋና ደንቦች

* ወደ ሞባይል፦ በተቀዳ ወይም ሰው ሠራሽ በሆነ ድምፅ መደወልም ሆነ በራሱ በሚደውል ማሽን መልዕክት መላክ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ክልክል ነው። ክልከላው የፖለቲካ ቅስቀሳንም ይጨምራል።
* ወደ መደበኛ የቤት ስልክ፦ የተቀዳ የፖለቲካ መልዕክት ያለ ፈቃድ ይፈቀዳል፤ ሆኖም በ30 ቀን ውስጥ ከ3 ጥሪ መብለጥ የለበትም።
* ማንነትን መግለጽ፦ የተቀዳው መልዕክት በመጀመሪያው ላይ ደዋዩ ማን እንደሆነ መናገር፣ ስልክ ቁጥሩንም መስጠት አለበት።
* ፈቃድን ማንሳት፦ ተቀባዩ «ስቶፕ» ብሎ ቢመልስ ፈቃዱን እንዳነሳ ይቆጠራል።

ሰው ራሱ ደውሎ የሚያነጋግርበት ጥሪ ፈቃድ አያስፈልገውም። አንዳንድ ግዛቶች ከፌዴራሉ የጠበቀ ሕግ አላቸው። ለምሳሌ የኢንዲያና ሕግ የተቀዱ የፖለቲካ ጥሪዎችን ወደ ቤት ስልክም ሳይቀር ይገድባል።

የፍርድ ቤት ውሳኔዎች

የፖለቲካ አማካሪዎች ማኅበር ክልከላው የመናገር ነፃነትን ይጥሳል ሲል ከሶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የመንግሥትን ዕዳ ለሚሰበስቡ ጥሪዎች የተሰጠውን ልዩ ፈቃድ ሽሮ ክልከላውን አጸና። ማኅበሩ ክርክሩን በከፊል ቢያሸንፍም የፈለገውን የመደወል መብት አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በ2021 በፌስቡክ ላይ በቀረበ ክስ ደግሞ ፍርድ ቤቱ «በራሱ የሚደውል ማሽን» የሚለውን ቃል አጠበበው። በውሳኔው መሠረት ማሽኑ ቁጥሮችን በዘፈቀደ ወይም በተከታታይ የሚያመነጭ መሣሪያ መጠቀም አለበት። የምርጫ ዘመቻዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከመራጮች መዝገብና ከሌሎች ምንጮች በተሰበሰበ ዝርዝር ስለሚልኩ መልዕክታቸው ከክልከላው ውጭ የሚሆንበት ዕድል ሰፋ። ከዚያ በፊትም ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2020 እያንዳንዱን መልዕክት ሰው በእጁ የሚልክበት አሠራር በክልከላው ሥር እንደማይወድቅ ገልጾ ነበር። ፈቃድ ያልሰጡ ሰዎች በምርጫ ሰሞን መልዕክት የሚጎርፍላቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት

እ.ኤ.አ. በጃንዩዋሪ 2024 በኒው ሃምፕሻየር ግዛት የቅድመ ምርጫ ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ የፕሬዝዳንት ጆ ባይደንን ድምፅ አስመስሎ መራጮች እንዳይወጡ የሚመክር ጥሪ ተሰራጨ። ኮሚሽኑ በፌብሩዋሪ 8 በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ድምፅ በ1991ዱ ሕግ «ሰው ሠራሽ ድምፅ» ተብሎ እንደሚቆጠር አስታወቀ። ጥሪውን ባስደረገው የፖለቲካ አማካሪ ላይም የደዋዩን ቁጥር በማጭበርበሩ የ6 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለ።

ቅጣትና አፈጻጸም

ሕጉ የተጣሰበት ሰው ራሱ መክሰስ ይችላል። ካሳው ለአንድ ጥሪ ወይም መልዕክት 500 ዶላር ሲሆን ጥሰቱ ሆን ተብሎ ከተፈጸመ እስከ 1,500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ስሌቱ በእያንዳንዱ ጥሪ ስለሆነ 1,000 ሕገወጥ መልዕክት የላከ ዘመቻ ቢያንስ 500,000 ዶላር ሊጠየቅ ይችላል።

ከሕጉ በተጨማሪ የሞባይል ኩባንያዎች በብዛት መልዕክት የሚልኩ ዘመቻዎች አስቀድመው እንዲመዘገቡ ያስገድዳሉ። ተጠቃሚዎችም ያልፈለጉትን መልዕክት ወደ 7726 በማስተላለፍ ለኩባንያቸው መጠቆም ይችላሉ።