አትሮንስ የተነፈገች ሰባኪ

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው አባባል ለዘመናት የብዙ እናቶችን አንደበት ዘግቶ ኖሯል። አባባሉ የእኛ ይሁን እንጂ አስተሳሰቡ የአንድ አገር ብቻ አልነበረም። በልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት ታሪክም ሴት ምእመናን ሕሙማንን ሲያስታምሙ፣ ሕፃናትን ሲያስተምሩና የጸሎት ማኅበር ሲመሩ ኖረው ሳለ፣ በአመዛኙ ማዕረጉና በጉባኤ ፊት የመናገር መብቱ የወንዶች ሆኖ ቆይቷል። የጥቁር አሜሪካዊቷ የጃሪና ሊ ታሪክ ለዚህ ሁነኛ ምስክር ነው።

ጃሪና በ1783 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒው ጀርዚ፣ ኬፕ ሜይ በተባለ ስፍራ ከነፃ ጥቁር ቤተሰብ ተወለደች። ነፃነቱ ግን ከድህነት አላዳናትም። ገና በ7 ዓመቷ ከወላጆቿ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሰው ቤት ገረድነት ገባች። በትምህርት ገበታ የቆየችበት ጊዜም ከ3 ወር አይበልጥም።

ፊላዴልፊያ ከገባች በኋላ በሪቻርድ አለን ስብከት ተማርካ የጉባኤው አባል ሆነች። አለን በባርነት ተወልዶ ነፃነቱን በገንዘብ የዋጀ ሰው ነበር። ጥቁር ምእመናን በነጮች ቤተ ክርስቲያን ተንበርክከው ሲጸልዩ በግድ እንዲነሡ በመደረጋቸው ከእርሱ ጋር ጥለው ወጡ፤ በ1816ም የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ።

ይህ ከመሆኑ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ጃሪና ወደ አለን ቀርባ ለመስበክ መጠራቷን ነገረችው። እርሱም ሴቶች የጸሎት ስብሰባ መምራትና ሕዝቡን መምከር እንደሚችሉ፣ ከአትሮንስ ቆሞ ቃሉን መስበክን ግን የሜቶዲስት ደንብ ለሴት እንደማያውቀው መለሰላት። በቀለሙ ምክንያት ከጸሎት የተገፋው ማኅበር፣ በተራው ሴትን በፆታዋ ምክንያት ከአትሮንስ አራቀ። ጃሪና ግን ክርስቶስ ለሴትም ሞቶ ሳለ ሴት ስለ እርሱ እንዳትሰብክ የሚከለክላት ምንድን ነው ስትል ሞገተች፤ የትንሣኤውን ዜና አስቀድማ ያበሠረችው መግደላዊት ማርያም መሆኗንም አስታወሰች።

በ1811 አንድ ሰባኪ አገባች። ከስድስት ዓመት ያህል በኋላ ግን ባሏ ሞተና ሁለት ሕፃናት ይዛ ቀረች። በ1819 በፊላዴልፊያው ቤቴል ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰባኪ ስለ ነቢዩ ዮናስ እየተናገረ ሳለ ቃል አጠረው። ጃሪና ከመቀመጫዋ ብድግ አለችና ስብከቱን ከቆመበት ቀጠለች፤ እርሷም እንደ ዮናስ ከጥሪዋ ሸሽታ መቆየቷን ተናገረች። ስትቀመጥ ከማኅበሩ መባረሯን ትጠብቅ ነበር። አለን ግን ተነሥቶ ከስምንት ዓመት በፊት ያቀረበችውን ጥያቄ ለሕዝቡ አስታወሰ፤ ጥሪዋም እንደማንኛውም ሰባኪ ጥሪ እውነተኛ መሆኑን መሰከረላት። ፈቃድ አገኘች፤ ሹመት ግን አላገኘችም።

ከዚህ በኋላ የታመመ ልጇን ለወዳጅ አደራ ሰጥታ መንገድ ጀመረች። በአንድ ዓመት ብቻ 2,325 ማይል ተጉዛ 178 ጊዜ ሰበከች። ባርነት በጸናበት በሜሪላንድ ሳይቀር በጉባኤ ፊት ቆመች፤ ባሪያዎችም ረጅም መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ሰሟት። በ1836 የሕይወት ታሪኳን በ38 ዶላር 1,000 ቅጂ አሳትማ በየጉባኤው ሸጠች። የሰፋውን ረቂቅ የቤተ ክርስቲያኒቱ የመጻሕፍት ኮሚቴ ሊነበብ አይችልም ብሎ ቢመልሰውም፣ በ1849 ራሷ አሳተመችው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን እርምጃዋ አዝጋሚ ነበር። በ1852 ለሴቶች የስብከት ፈቃድ ይሰጥ የሚለው ሐሳብ በጠቅላላ ጉባኤው ተቀባይነት አጣ፤ ፈቃዱ የተሰጠው በ1884 ነው። በ1885 ሣራ አን ሂዩዝ በዲቁና ብትሾም፣ ሹመቷ በ1887 ተሻረ። የመጀመሪያዋ ሴት ጳጳስ ቫሽቲ መርፊ ማኬንዚ የተመረጠችው በ2000 ነው። ጃሪና ሊ ራሷም ከሞተች ከረጅም ዘመን በኋላ፣ በ2016 የክብር ሹመት ተሰጣት።

የነፃነት ትግል በአንድ በር ገብቶ ሌላውን በር ዘግቶ ሊቀመጥ እንደሚችል ይህ ታሪክ ያስተምራል። የሹመት መዝገብን ብቻ የሚያገላብጥ ተመራማሪ የዘመኗን ጃሪናን አያገኛትም፤ የሚያገኛት በ38 ዶላር በታተመችው መጽሐፏ ነው። ስለዚህ የሕዝብን ታሪክ የሚጽፍ፣ የሚያስተምርና በመድረክ የሚያሳይ ሁሉ፣ ስማቸው በመዝገብ ያልሰፈረውን እናቶች ሥራ ከሠሩበት ስፍራ ሄዶ መፈለግ ይገባዋል።