የሚያመራምር ጥያቄ
የሚያመራምር ጥያቄ ተማሪው ምክንያት እንዲያቀርብ ወይም ማስረጃ እንዲመዝን መምህሩ የሚያነሳው ጥያቄ ነው፤ «ለምን?»፣ «በምን አወቅሽ?» የሚሉት ይገኙበታል። ደረጃው ብዙ ጊዜ የሚለየው ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቻቸው በ1956 እ.ኤ.አ. ባወጡት ባለ6 እርከን ምደባ ነው፤ እርከኑ ግን ብቻውን የጥያቄውን ጥቅም አይናገርም፤ ለመልስ የሚሰጠው ጊዜም ለውጥ ያመጣል። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው መምህራን ከጠየቁ በኋላ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚታገሡ አስተዋሉ። ዝምታው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም መልሶቹ ረዘሙ፣ በማስረጃ የተደገፉትም በዙ። ዝምታውን ማራዘም ለአንድ ክፍል ርካሽ ማሻሻያ ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ዳንኤል ዊሊንግሃም በበኩላቸው በጥልቀት ማሰብ ከትምህርቱ ይዘት ዕውቀት እንደማይነጠል በ2007 እ.ኤ.አ. ተከራክረዋል። ዕፅዋት ውሃ እንዴት እንደሚያገኙና እንደሚያጡ ምንም ያልተማረ ልጅ «ቅጠሉ ለምን ጠወለገ?» ቢባል የሚሰጠው ግምት እንጂ ትንታኔ አይሆንም።