እሰጥ አገባ

ባለፈው ሰሞን ከአዲሱ ገበያ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ታክሲው ሞልቶ ገና ሳይንቀሳቀስ ከኋላ ክርክር ተነሳ። አንድ ወጣት ስለ አፄ ምኒልክ የሆነ ነገር ተናገረ። ከፊቱ የተቀመጡ ጎልማሳ ዞር አሉና፣ "ለመሆኑ አገርህ የት ነው?" አሉት። "ምን አልክ?" አላሉትም። ልጁም አልተኛላቸው፤ "እርስዎስ የማን ካድሬ ነዎት?" አለ። ነጠላ የለበሱ እናት መሃል ገቡና ነገሩን ወደ ሃይማኖት ወሰዱት። ፒያሳ ስንደርስ ሁሉም ተኮራርፎ ወረደ።

እኔ ትንፍሽ አላልኩም። በሆዴ ግን ልጁን ፈርጄበታለሁ። አስፋልቱን ስሻገር አንድ ነገር ቆረቆረኝ፤ ልጁ ምን እንዳለ አላስታውስም! የማን ወገን እንደሆነ ግን ወስኜ ጨርሻለሁ።

እንዲህ ያለውን ንትርክ ዛሬ "እሰጥ አገባ" እንለዋለን። ቃሉ ግን ድሮ የሙግት ሥርዓት ስም ነበር። ባላጋሮች በቅሎ፣ ፈረስ ወይም ማር እየተወራረዱ፣ "በላ ልበልሃ"፣ "ተጠየቅ" እየተባባሉ ይሟገታሉ። መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች አላፊ አግዳሚውን ዳኛ ያደርጉ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ "ቁራኛ" የምንለው ይህንኑ ነው። "ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል" የሚለው ተረትም የዚያ ዓለም ነው።

መቼም ያለፈውን ሁሉ ማር አድርገን አንላሰው። አንደበተ ርቱዑ አፈ ቢሱን ይረታ ነበር። የሚያስይዘው በቅሎ የሌለው ድሃም ለውርርዱ አቅም አልነበረውም። ቢሆንም አንድ ነገር ግዴታ ነበር፦ ተጠያቂው ለተጠየቀው መመለስ አለበት። ዛሬ ያጣነው ይህችን ነው።

ታዲያ ሥርዓት ብቻውን ይበቃል? ቦሩ ሜዳን እንይ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ሊቃውንቱን ወሎ ላይ ሰበሰቡ። ስለ ክርስቶስ ልደትና ቅብዐት ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ የዘለቀው ክርክር እልባት እንዲያገኝ ነበር። "ሦስት ልደት" የሚሉት በተለይ ሸዋ ውስጥ ብርቱ ነበሩ። ጉባኤው ጥያቄ ነበረው፤ ተከራካሪ ነበረው፤ ሰሚ ነበረው። ያልነበረው ያልወሰነ ዳኛ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አስቀድመው ከእስክንድርያ ደብዳቤ አስመጥተው ነበር፤ ደብዳቤው ተነበበ፣ ሦስት ልደቶች ተረቱ። እምቢ ካሉት መካከል ምላሳቸው የተቆረጠ እንደነበሩ ተጽፏል። ከዚያም በክርክሩ ያልተጠየቁት የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ "ሚካኤል" ተብለው በኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆኑ። ብዙዎች ግን ተሰደዱ፤ ብዙዎችም አመፁ። ክርክሩ ተዘጋ ተባለ እንጂ ማንም በነገሩ አምኖ አልሄደም።

መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1968 ዓ.ም.፣ ኢሕአፓና መኢሶን በአዲስ ዘመን ገጾች ላይ ይሟገቱ ነበር። ጥያቄው ቁም ነገር ነበር፦ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም ወይስ ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ ይሰጥ? አንዱ ጥያቄ፣ ሌላው መልስ ይጽፋል። ቀስ በቀስ ግን ጥያቄው ቀረና ስም ማውጣቱ ተተካ፤ አንዱ "ባንዳ"፣ ሌላው "አናርኪስት" ተባለ። በ1969 ብዕሩ በጠመንጃ ተለወጠ። ስንት እናት ልጇን ከመንገድ ዳር አነሳች! መኢሶንንም ያው ደርግ ብዙ ሳይቆይ በላው።

እንግዲህ ከሁለቱ ታሪክ የምረዳው ይህን ነው። "ምን አልክ?" የሚለው ጥያቄ "ማን ነህ?" በሚለው የተተካ ዕለት ክርክሩ አልቋል፤ የቀረው ፍርድ ነው። ፍርዱ ደግሞ ጉልበት ያለው እጅ እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው ቀልድ የሚመስለው። የታክሲያችን ሰዎች ጉልበት ስለሌላቸው ተኮራርፈው ወረዱ። እኔም ዝም ስላልኩ ንጹሕ አይደለሁም፤ ዳኛ ሆኜ ሳልሰማ ፈርጃለሁና።

ያ ልጅ ድጋሚ ቢያጋጥመኝ አገሩን አልጠይቀውም። "ወንድሜ፣ ያን ዕለት ምን ነበር ያልከው?" እለዋለሁ። ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል። ለመሳሳቱ ግን መጀመሪያ መስማት ነበረብኝ።