ዝንጀሮና ድንጋይ፦ አባ ጎርጎርዮስ ለሉዶልፍ የነገሩት

የኢዮብ ሉዶልፍ «የኢትዮጵያ ታሪክ»
በላቲን ቋንቋ፤ በመዳብ ላይ ከተቀረጹ ሥዕሎች ጋር
ፍራንክፈርት፣ 1681 እ.ኤ.አ.

በሥዕሉ ላይ ያሉትን ዝንጀሮዎች ልብ ብለው ይዩ። ድንጋይ እየገለበጡ ከሥሩ ትል ይፈልጋሉ። የአምባሰል እረኛ ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ጀርመናዊው ሉዶልፍ ግን ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ዋና ምስክሩ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ አገራቸው መካነ ሥላሴ፣ ሐይቅና አምባሰል በሚገኙበት በዛሬው ደቡብ ወሎ ነው። በ1649 ሮም ላይ ሲገናኙ ያግባባቸው ግዕዝ ነበር። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን፣ የጎታው መስፍን ኤርንስት ወዳለበት ተጓዙ።

በዚያ ዘመን የአውሮፓ መሳፍንት ዛጎል፣ ቀንድና የሰጎን እንቁላል በብርቅ ዕቃ ክፍሎቻቸው ይሰበስቡ ነበር፤ የጎታው ቤተ መንግሥትም እንዲህ ያለ ስብስብ ነበረው። ብዙው ዕቃ ከማን እጅ እንደወጣ ሳይጻፍ ቀርቷል። ይህ መጽሐፍ ግን የሚከበረው ባለዕውቀቱን በስሙ ስለሚጠራ ነው። ሉዶልፍ በ1691 ባሳተመው ማብራሪያ ደግሞ የአባ ጎርጎርዮስን መልክ አስቀርጾ አወጣ።

እርሳቸው ግን ሁለቱንም መጻሕፍት አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ እስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ።