ከእድር እስከ ቀበሌ፦ የአዲስ አበባ ነዋሪዎችና የሰፈር ልማት ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው። ነዋሪዎች ስለ ሰፈራቸው የሚመክሩበትና በጋራ የሚሠሩበት ማኅበር የማን ነው? የነዋሪው ወይስ የመንግሥት? የአዲስ አበባ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶችን በተግባር ፈትኗል፤ አንደኛው እድር፣ ሁለተኛው ቀበሌ ነው።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር በፕላን የተዘረጋች ከተማ አልነበረችም። መኳንንቱና የጦር አለቆቹ በተሰጣቸው ቦታ ከነተከታዮቻቸው ሰፈሩ፤ ራስ መኮንን፣ ራስ ካሳ፣ ራስ ብሩ የሚሉት የሰፈር ስሞች የዚህ አሰፋፈር አሻራዎች ናቸው። ከተማዋ እያደገች ስትሄድ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ሕዝብ ከዘመድ አዝማድ ርቆ መኖር ጀመረ። በዚህ ሁኔታ የሞተበትን ሰው ማን ያስቀብርለታል? ሐዘንተኛውንስ ማን ያጽናናዋል? እድር የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። አጀማመሩ በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ አካባቢ እንደሆነ ይገመታል፤ በስፋት የተሠራጨው ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው።

የእድር ጥንካሬ በአሠራሩ ላይ ነው። አባላቱ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ መተዳደሪያ ደንባቸውን ራሳቸው ያወጣሉ፤ ወርኃዊ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ የሁሉም ንብረት ነው። ስለዚህ አባሉ ገንዘቡ የት እንደዋለ የመጠየቅ መብት ብቻ ሳይሆን ልማድም ነበረው። በ1950ዎቹ አንዳንድ እድሮች ከቀብር አልፈው መንገድ ወደ መጥረግ፣ ውኃ ወደ ማስገባትና ትምህርት ቤት ወደ ማሠራት የተሸጋገሩት ይህን የመተማመን ልማድ መሠረት አድርገው ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚከፈተው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም አቋቋመ። አዋጁ ዝቅተኛ ኪራዮችን ቀነሰ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶችም ቀበሌዎች እንዲያስተዳድሩና ገቢውን ለሰፈር ልማት እንዲያውሉ ፈቀደ። በጭሰኝነትና በውድ ኪራይ ለተንገላታው ሕዝብ ይህ ታላቅ ተስፋ ነበር። ተስፋውም ባዶ አልነበረም፤ የቀበሌ ሱቆች ተከፈቱ፣ መዋዕለ ሕፃናት ተቋቋሙ፣ በኋላም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በየቀበሌው ተካሄደ።

ይሁን እንጂ የችግሩ ዘር አብሮ ተዘርቶ ነበር። በ1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 የቀበሌን የዳኝነትና የጸጥታ ሥልጣን አጠናከረ። ቀይ ሽብር ሲፋፋም፣ ነዋሪው ስለ ጎርፍ መውረጃና ስለ ውኃ ቧንቧ ሊመክርበት የተሰበሰበበት ጽሕፈት ቤት ጎረቤቱ የሚታሰርበት ቦታ ሆነ። ከዚያ በኋላ ስብሰባ መጥራት ይቻል ነበር፤ ሰውን በልቡ መሰብሰብ ግን አስቸጋሪ ሆነ። በኢኮኖሚውም ረገድ የኪራዩ ማነስ ለተከራዩ እፎይታ ቢሰጥም ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አላስገኘም። የጭቃ ቤቶቹ በየክረምቱ እያረጁ ሄዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ቀበሌ በኃይሉ ጫፍ ላይ በነበረበት ዘመን እንኳ እድር አልጠፋም። ገዥና ተገዥ፣ ካድሬና ተጠርጣሪ በአንድ ድንኳን ሥር ለቅሶ ተቀምጠዋል። እድር የተረፈው ከቀበሌ የበለጠ ሀብት ስለነበረው አይደለም፤ ሹሙ ከላይ የማይሾም፣ ሒሳቡም ለአባሉ የሚቀርብ ስለነበረ ነው።

ይህ ታሪክ ለዛሬም ጉዳይ አለው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከተስፋፋ ወዲህ ብዙ ነባር ሰፈሮች ፈርሰዋል። ነዋሪው የተሻለ ጣሪያና ንጹሕ ውኃ ሊያገኝ ይችላል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ሲበታተን ግን ለዓመታት የተገነባው እድርም አብሮ ይፈርሳል። ይህ ኪሳራ በካሳ ሰነድ ላይ አይመዘገብም።

የታሪክ ተማሪ የወደፊቱን አይተነብይም። ሆኖም «የሕዝብ ተሳትፎ» የሚለውን ሐረግ በሪፖርት ላይ ባነበባችሁ ቁጥር ሦስት ጥያቄዎችን እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ፦ መሪውን ማን መረጠ? ገንዘቡን ማን ይቈጣጠራል? «አይሆንም» ያለ ሰውስ ምን ይገጥመዋል?