ክሪቲካል ማስ፦ ከፊዚክስ ወደ ብስክሌት

«ክሪቲካል ማስ» በፊዚክስ የኑክሌር ሰንሰለታዊ ሂደት ራሱን ችሎ እንዲቀጥል የሚያስፈልገው ዝቅተኛ የቁስ መጠን ነው። የከተማ ብስክሌተኞች ግን አብዛኛውን ጊዜ በወሩ የመጨረሻ ዓርብ ተሰባስበው መንገዱን ሞልተው የሚነዱበትን ጉዞ በዚህ ስም ይጠሩታል። ጉዞው በ1992 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲጀመር ስሙ «ኮምዩት ክሎት» ነበር፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ጎዳና ላይ የረጋ ደም እንደማለት ነው። አዲሱ ስም የተገኘው ቴድ ኋይት ከሠራው ዘጋቢ ፊልም ነው። በፊልሙ የብስክሌት ንድፍ ባለሙያው ጆርጅ ብሊስ በቻይና ያየውን ይተርካል፤ የትራፊክ መብራት በሌለው መስቀለኛ መንገድ ብስክሌተኞች አንድ በአንድ ይጠራቀማሉ፤ ቁጥራቸው ሲበቃ መኪናውን አስቁመው በአንድነት ይሻገራሉ። ቃሉ የጸናውም ለዚህ ይመስላል፤ ለብቻው ሲሆን የሚገፋ ሰው፣ ቁጥሩ ሲበዛ መንገድ እንደሚለቀቅለት በአጭሩ ይናገራል።

ከዚሁ ጉዞ ጋር የሚሄድ «ኮርኪንግ» የሚባል ቃልም አለ። ጠርሙስ በቡሽ እንደሚደፈን፣ ጥቂት ብስክሌተኞች ከጎን የሚገባውን መንገድ አፍ ዘግተው ይቆማሉ፤ የመጨረሻው ጓደኛቸው ሲያልፍ ይለቃሉ። አሽከርካሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያስቆጣው ይኸው ነው።