ከአርካዊት እስከ ኦምዱርማን፦ የካርቱም የጉብኝት ስፍራዎችና ያልተጻፈው የኢትዮጵያ ምዕራፍ

አርካዊት ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ደቡብ የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ስሙ በቀይ ባሕር ተራሮች ላይ ካለችው፣ በእንግሊዞች ዘመን ሹማምንቱ ከቆላው ሐሩር ሸሽተው ያርፉባት ከነበረችው ነፋሻ ከተማ ጋር አንድ ነው። ሰፈሩ ለእንግዳ የሚያሳየው አፍራ የተባለውን የገበያ ማእከል እንጂ ጥንታዊ ሐውልት አልነበረም፤ ታሪክ የሚሻ ጎብኚ ወደ ወንዙ ዳር መሄድ ነበረበት። በዚያ የሚታዩትን ስፍራዎች የመረጡት በየዘመኑ የተፈራረቁት መንግሥታት ናቸው። የኢትዮጵያ ታሪክ ግን በብዙዎቹ ውስጥ፣ ስሙ እምብዛም ሳይጠራ፣ ይገኛል።

የመጀመሪያው ስፍራ ዐባይና ነጭ ዐባይ የሚገናኙበት አል ሞግራን ነው። በክረምት ዐባይ የኢትዮጵያን ደጋ አፈር ተሸክሞ ደፍርሶ ስለሚደርስ፣ የሁለቱ ውኃዎች ቀለም ሳይዋሐድ ጎን ለጎን ሲፈስ ይታያል። በዐባይ ዳር ወደ ላይ ሲሄዱ የክርስቲያናዊው የዐልዋ መንግሥት መዲና የነበረችው የሶባ ፍርስራሽ ይገኛል። ካርቱም በ1821 እ.ኤ.አ. የግብፅ ጦር ሰፈር ሆና ከተቆረቆረች በኋላ የሶባ ጡብ እየተነቀለ ለአዲሲቱ ከተማ ግንባታ ውሏል። ስለዚህ ካርቱም ገና ስትሠራ የቀድሞውን ታሪክ አፍርሳ ነው።

በናይል ጎዳና ላይ የሚገኘው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም በ1971 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። በግቢው የቡሄንና የሰምና ቤተ መቅደሶች ቆመዋል፤ የአስዋን ግድብ ውኃ እንዳያሰጥማቸው ተነቅለው የመጡ ናቸው። ከፋራስ ካቴድራል የተነሡት የግድግዳ ሥዕሎችም ለዋርሶና ለካርቱም ተከፍለው፣ የካርቱሙ ድርሻ በዚሁ ሙዚየም ተቀምጧል። የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ለሚያጠና ሰው እነዚህ የመላእክትና የጳጳሳት ምስሎች የቅርብ ማነጻጸሪያ ናቸው። በ4ኛው ምእተ ዓመት ንጉሥ ኢዛና በአክሱም ባስቀረጸው ጽሑፍ ኖባንና ካሱን ወግቶ እስከ ናይል መድረሱን ይናገራል፤ የጽሑፉ ሌላ ወገን የሚፈለገው ከኑብያና ከመርዌ ቅርሶች ዘንድ ነው።

በኦምዱርማን የኸሊፋ አብዱላሂ ቤት በ1928 እ.ኤ.አ. ሙዚየም ሆነ። ሙዚየም ያደረገው በ1898 እ.ኤ.አ. በካራሪ ኸሊፋውን ያሸነፈው አገዛዝ ነው፤ የማህዲስቶቹ ባንዲራና መሣሪያ፣ የጎርደንም መታሰቢያ እዚያ የተሰበሰቡት በአሸናፊው ዓይን ነው። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥለው የማረኳቸው ሰዎች ግን ወደ ሱዳን ተወስደዋል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ የወደቁት የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ራስም ተቆርጦ ወደዚሁ ከተማ ተልኳል። ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ የዚህ ቤት ታሪክ ከጎርደን ሳይሆን ከመተማ ይጀምራል።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በበኩላቸው ከ1932 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ከስድስት ወር በላይ በካርቱምና በአካባቢዋ ቆይተው፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኡም ኢድላ በኩል ወደ ጎጃም ገብተዋል። በአርበኞች ላይ ከአውሮፕላን የተበተኑት የአማርኛ አዋጆች በካርቱም የተሰናዱ ነበሩ። ከተማዋ በአንድ ወገን የንጉሥ ራስ የተወሰደባት፣ በሌላ ወገን ንጉሥ ወደ ዙፋኑ የተመለሰባት ናት። ከዚያም በኋላ በዴምና በጀሪፍ ሰፈሮች የኖሩት ስደተኞች በቡና ቤቶቻቸውና በምግብ ቤቶቻቸው ሦስተኛ ምዕራፍ ጨምረዋል፤ ይህን ምዕራፍ የሚያኖር የመስታወት ሣጥን ግን አልተሠራለትም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት የተጻፈውንም ያልተጻፈውንም አንድ ላይ መታ። ብሔራዊው ሙዚየም በፈጥኖ ደራሽ ኃይል እጅ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር በሱዳን ጦር ሲያዝ፣ ግዙፎቹ ድንጋዮች ባመዛኙ በቦታቸው ተገኙ፤ የወርቅ ዕቃዎቹና ሌሎች ተንቀሳቃሽ ቅርሶች ግን ተዘርፈው ነበር። ዩኔስኮም የሱዳንን ቅርስ ማንም እንዳይገዛና እንዳይሸጥ ጥሪ አቅርቧል። የተዘረፈ ቅርስ መዝገብ ካለው አንድ ቀን ተፈልጎ ሊመለስ ይችላል። የዴም ነዋሪዎች ትዝታ ግን መዝገብ የለውም፤ ባለቤቶቹም ተበትነዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ዐፄ ዮሐንስ በወደቁባት በመተማ በኩል ነው። ካርቱም እንደገና ስትሠራ የኢትዮጵያ ምዕራፍ ሳይጻፍ እንዳይቀር፣ የእነዚህን ተመላሾች ቃል በአማርኛም በዐረብኛም መመዝገብ ለሁለቱም አገሮች የታሪክና የቋንቋ ክፍሎች ቀጠሮ የማይሰጠው ሥራ ነው።